የሰርቨሩ ሕግና እርጥብ ሳር

የባለቤቴ መልክ በዚህ ዓለም የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እኔ በተላላኪነት ባረጀሁበት መሥሪያ ቤት፣ በጸሐፊዋ ኮምፒዩተር ላይ። የመታወቂያዋን ፎቶ ውሃ በልቶታል። አንድ ቀን ግን ምሳዬን ይዛ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ላይኛው ሴቻ ድረስ ዳገቱን ወጥታ፣ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር አረፍ ስትል፣ ጸሐፊዋ በሞባይሏ አነሳቻት። ነጠላዋን እያስተካከለች፣ “ኧረ ተይኝ፣ ላብ በላብ ሆኜ!” ስትል ነው የተያዘችው። ጸሐፊዋ ወደደችውና የኮምፒዩተሯ ፊት ላይ አደረገችው።

ሞባይሉ ኋላ መናኸሪያ ተሰረቀ። ባለቤቴም አረፈች። ጠዋት ጠዋት የኮምፒዩተሩን መስታወት ስወለውል፣ ማሽኑ ሲበራ ብቅ ትልልኛለች። “አትሚልኝ እንጂ” እላታለሁ ጸሐፊዋን። “እሺ አባባ፣ የማተሚያው ቀለም ይምጣ” ትለኛለች።

ከዚያ ኮምፒዩተሮቹ ሁሉ በገመድ ተያያዙ። ሰርቨር ከሚሉት ማሽን ለሁሉም ሕግ ይወርዳል ተባለ፤ ማን ምን እንደሚከፍት፣ የማን ፍላሽ እንደሚገባ፣ ፊታቸው ላይ ምን እንደሚታይ። ሰኞ ጠዋት ስገባ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሆነዋል፤ መሃሉ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ። ባለቤቴ የለችም።

ጸሐፊዋ ልትመልሰው ሞከረች። “እምቢ አለኝ አባባ። ከላይ ተቆልፏል።”

የቆለፈው የአይሲቲ ባለሙያው ነው፤ የጨንቻ ልጅ፣ እንደኔው ጋሞ፣ ጨዋ። ሄጄ ነገርኩት።

“አባባ፣ ፖሊሲ ነው” አለኝ። “ለአንድ ከፈትኩ ማለት ለሁሉም ከፈትኩ ማለት ነው።”

ሌላ ቀንም ሄድኩ። ያው ነው።

እንግዲህ ሕግ የያዘ ሰው እምቢ ሲል እኛ ጋሞዎች የምናውቀው አንድ መንገድ ነው። ከቢሮው ጀርባ፣ ከቧንቧው ሥር እርጥብ ሳር ነጨሁ። በሁለት እጄ ይዤ የልጁ ቢሮ በር ላይ ተንበረከክሁ። ሳር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን አልፎ የሚሄድ የኛ ሰው የለም።

ልጁ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። “ኧረ አባባ! በፈጠረዎት ይነሱ! ምን በደልኩ?”

“አንተ አልበደልክም ልጄ። ሕጉን ነው የምለምነው።”

ከኋላዬ አንዱ የሂሳብ ሠራተኛ፣ “ሰርቨሩ ሳር አይበላም አባባ!” ብሎ ሳቀ። ልጁ ቀና ብሎ አየው። ሳቁ እዚያው ቀረ።

ሳሩን ተቀበለኝ። በአንድ እጁ እንደያዘው ተቀምጦ የጸሐፊዋን ማሽን ከሕጉ አወጣው። ዓርማው ጠፋ። ከሥሩ የወጣው ግን ጥቁር ነው። ፈለገ፤ እዚህም እዚያም ገባ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። በመጨረሻ ወደ እኔ ሳያይ፣ “አባባ... ኔትወርኩ ሲገባ ማሽኖቹ ላይ የነበረውን አጥፍተን እንደ አዲስ ነው የጫንናቸው። ሥራ ያልሆነውን አላስቀረንም” አለ።

አሁን ሳሩ እሱ እጅ ነው። ሊንበረከክ ጎንበስ ሲል ክንዱን ያዝኩት። “ተው ልጄ” አልኩት።

ከዚያ ወዲህ መስታወቱን የምወለውለው ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ነጠላዋ ይመጣልኛል፤ “ተይኝ” ማለቷም ይሰማኛል። ፊቷ ግን በየቀኑ እየሄደብኝ ነው።