ሦስት ከሩብ አይደለም

ልጅ እያለሁ፣ በሐይቅ ከተማ ትምህርት ቤታችን የነበረው ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም የሒሳብ መምህራችን ንብረት ነበር። በጋዋናቸው ኪስ ከነሽፋኑ ይይዙት ነበር። ሲያወጡት አዲስ የላስቲክ ሽታው እስከ ፊተኛው ዴስክ ይደርስ ነበር፤ በተሰበረው መስኮት የሚገባው ዓሣ ዓሣ የሚል ነፋስ እንኳ አያጠፋውም። እንድናየው እንጂ እንድንነካው አልተፈቀደልንም።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ስድስትን ለግማሽና ለሩብ ድምር እንዳካፍል ወደ ሰሌዳው አወጡኝ። ግማሽና ሩብ ሦስት ሩብ ነው፤ ስድስት ለሦስት ሩብ ሲካፈል ደግሞ ስምንት። ጻፍኩ። መምህሩ አጠገቤ ቆመው ቁልፎቹን ቸኩለው ተጫኑና፣ "ሦስት ከሩብ ይላል" ብለው ስምንቴን በዳስተር አጠፉት።

"ስምንት ነው፣ ቲቸር" አልኩ።

"ስድስት ተካፍሎ ስምንት? ሸኹ ዱዓ አድርገው ካላበዙት በቀር!" አለ ከኋላ አንድ ልጅ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህሩም እየሳቁ፣ "ዘይነባ፣ ማሽን አይሳሳትም። ተሳስቻለሁ ብለሽ ተቀመጪ፤ አለዚያ ውጪ፣ ይህን ሳትይም እንዳትመለሺ" አሉኝ። ወጣሁ።

በሰፈራችን ከክፍል የወጣች ልጅ መመለሻዋ ብዙ ጊዜ ወደ ባል ቤት ነበር። አባቴም ይህን ፈርቶ፣ "ልጄ፣ ተሳስቻለሁ በይና ግቢ፤ ምን ይጎልብሻል?" አለኝ።

"ወላሂ አልልም፣ አባዬ። ልዋሽ?"

"ግትርነቱን እንኳ ከእናትሽ ነው ያገኘሽው" ብሎ ተወኝ።

እኔ ግን የመምህሩን ጣቶች አልረሳሁም ነበር። በተጫኑበት ቅደም ተከተል በወረቀት ሠራሁት፦ ስድስት ሲካፈል ለአንድ፣ ሲካፈል ለሁለት፣ ሲደመር አንድ ሲካፈል ለአራት። ሦስት ከሩብ መጣ። መምህሩ ግማሹንና ሩቡን በቅንፍ ውስጥ አላስገቧቸውም።

በማግስቱ በክፍሉ በር ላይ ቆምኩ።

"ተሳስቻለሁ ልትዪ ነው?" አሉ መምህሩ።

"አይደለም፣ ቲቸር። ካልኩሌተሩን አንዴ ይስጡኝ።"

የሳቀ አልነበረም። ሰጡኝ። ቅንፍ ከፈትኩ፣ ግማሽና ሩብን ደመርኩ፣ ዘጋሁ፤ በካልኩሌተሩ መስኮት ላይ ስምንት ወጣ። "ማሽኑ አልተሳሳተም" አልኩ፤ "ቅንፉን ስላልነገሩት ነው።"

ቁጥሩን አዩና ካልኩሌተሩን ወደ ሽፋኑ መለሱ። "ግቢ፣ ተቀመጪ" አሉ።

"ያጠፉት መልሴስ?"

ጠመኔ አነሡና ስምንትን በእጃቸው ጻፉ። ያን ጊዜ ተቀመጥኩ።

ዛሬ የእህቴ ልጅ እዚያው ሐይቅ ክፍልፋይ የምትሠራው በስልኳ ነው። ቁጥሮቹ እንደ ሰሌዳው ከላይና ከታች ሆነው ይታያሉ፤ በቅንፍ የሚጨነቅ የለም። ቅለቱ ያስቀናኛል። መልሱ ለምን እንዲህ እንደሆነ ስጠይቃት ግን፣ "ስልኩ ነዋ ያለው፣ አክስቴ" ትለኛለች።

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

ወደ ስልኳ ታያለች። እኔም እስክታስብ እጠብቃታለሁ፤ ያን ጠዋት እኔን ምክንያቴን እንድናገር የጠበቀኝ አልነበረም።