በገዛ ደጁ የመሸበት እንግዳ

የአጥሩ ቁልፍ ከማተቡ ጋር በአንድ ክር ታስሮ አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል። ቻላቸው ድሮ ኪሱ ውስጥ ነበር የሚይዘው። ሚስቱ ዘርፈሽዋል እሱ ባሸለበበት ከኪሱ አውጥታ፣ የቆርቆሮውን በር ከፍታ፣ አስፋልቱን ይዛ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁል መውረድ ከጀመረች ወዲህ ግን አንገቱ ላይ አሰረው። ያኔ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው መልሶ ያመጣት። "እናቴ፣ ወዴት ነው?" ቢላት "ወደ ቤቴ" አለችው። ቤትዎ የት ነው ቢላት በእጇ ተራራውን በሞላ አሳየችው።

ቻላቸው ዕድሜውን የፓርኩ ስካውት፣ የዱር አራዊት ጠባቂ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። ጠመንጃውን አንግቶ ከሳንቃ በር እስከ ጨነቅ ሲመላለስ፣ በገደል አፋፍ ላይ ውሎ በገደል አፋፍ ላይ ሲያድር ነው ጠጉሩ የሸበተ። ቤቱ ደባርቅ ነው ይባል እንጂ ቤቱን የሚያየው አልፎ አልፎ ነበር። ጡረታ ሲወጣ "እንግዲህ ቤቴ ልረፍ" አለ። አሁን ከባሕር ዛፉ እስከ እንጨት ክምሩ፣ ከእንጨት ክምሩ እስከ ቆርቆሮው በር ሲመላለስ ይውላል። ያን ሁሉ አገር ያካለለ እግር መዞሪያ አጥቶ፣ ግቢው ውስጥ የራሱን ዱካ እየደጋገመ አፈሩን አጎድጉዶታል።

ጠዋት ጠዋት ዘርፈሽዋል ደኅና ናት። ሽንኩርት ትልጣለች፣ ደጅ ትጠርጋለች። "አንተ ሰውዬ፣ ይህን ጢም አትላጨውም?" ትለዋለች። "አንተ ሰውዬ" ማለት በእነሱ ትዳር የቁልምጫ ስም ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ጉሙም ከቆላ ተነሥቶ ወደ ከተማው መውጣት ሲጀምር ግን ትቁነጠነጣለች። ነጠላዋን ታጥፋለች፤ መልሳ ትዘረጋለች። ከዚያ ዞር ብላ ታየዋለች።

"እርስዎ ማነዎት?"

"ቻላቸው ነኝ።"

"ቻላቸው ባሌ ነው። ከዱር አልገባም። እርስዎ ማነዎት?"

መጀመሪያ ይሟገታት ነበር። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የወጣትነት ፎቶግራፉን አውርዶ አሳያት። "ይኼማ ጎረምሳ ነው፤ እርስዎ ሽማግሌ ነዎት" አለችው። የተናገረችው ሐሰት የለበትም። የልጆቻቸውን ስም ጠራላት። የልጆቿን ስም ማን ነገረው ብላ ይብሱን ፈራች። ተነሥታ ወደ በሩ ስትሮጥ ቀደማትና በሩ ላይ ቆመ። ዘነዘናውን አንሥታ የእጁን አንጓ ያለችው ያን ጊዜ ነው።

አጥንቱ ተሰነጠቀ። ለልጆቹ ተደወለ። አለምነህ ከጎንደር፣ ስጦታ ከዳባት መጡ። ጠበሉም ተሞክሯል። የጤና መኮንኑም የመርሳት በሽታ ነው፣ ሰውነቷ ደኅና ሆኖ አእምሮዋ እየደከመ ነው፣ አትሟገቷት ብሎ አሰናብቷቸዋል። አትሟገቷት ማለት ቀላል ነው። ሚስቱ "አንተ አይደለህም" ስትለው ዝም ያለ ሰው፣ አዎ አይደለሁም ማለቱ አይደለምን? ቻላቸው ይህን ነገር ማታ ማታ ያመነዥከዋል።

አለምነህ መክሮበት የመጣውን ተናገረ። "እማማን እኔ እወስዳታለሁ። አንተ ዳባት፣ ስጦታ ዘንድ ትሄዳለህ። ሁለታችሁን አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ቤት የለንም።"

"በሽምግልናችን ልታፋቱን?"

"አባባ፣ ትገድልሃለች እኮ።"

"አልገደለችኝም።"

"ገና ነዋ" አለች ስጦታ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም።

ለጥምቀት ሰሞን ቀጠሩ። ያኔም አመሻሹ እንዲሁ ከሆነ አለምነህ እናቱን ይዟት ሊሄድ ተቆረጠ። ቻላቸው እንቢ ለማለት አፉን ከፍቶ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ እጁን አየና መልሶ ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ነው፣ አንድ ምሽት እንጨት ሊያመጣ ወደ ክምሩ ወጣ ሲል ዘርፈሽዋል የቤቱን በር ከውስጥ የቀረቀረችው። ቢያንኳኳ ወይ አትለውም። "እኔ ነኝ" ቢል ጩኸቷን ለቀቀችው። ክንዱ ላይ ያለውን እንጨት ታቅፎ ጉሙ ውስጥ ቆመ። ከፊቱ የተቀረቀረ በር፣ ከኋላው ራሱ የቆለፈው አጥር።

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቱ ያለምወርቅ አንገቷን ብቅ አደረገች። "አያ ቻላቸው፣ ተባረሩ?"

"ተባረርሁ።"

"እንግዲያ እንደ ሌላው መንገደኛ አሳድሩኝ ብለው ይለምኑ" ብላ ስቃ ገባች።

እሱ አልሳቀም። ድሮ ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚነግረው አንድ ቃል ነበረው፦ በጭላዳውና በገደሉ መካከል አትቁሙ። ለእኛ ገደል ነው፤ ለእሱ መሸሻው ነው። መሸሻውን ከዘጋችሁበት፣ ሣር ሲነጭ የዋለው ያ ገራም እንስሳ ጥርሱን ያወጣል። ይህን ለስንት ፈረንጅ በአስተርጓሚ አስረድቷል። በሚስቱና በበሩ መካከል የቆመ ቀን ግን ትዝ አላለውም። ለካ ዘነዘናው ጥላቻ አልነበረም። ባሏ በሌለበት ቤቷ የማታውቀው ሽማግሌ ገብቶ፣ ከመደቡ ላይ ተንሰራፍቶ፣ ልውጣ ስትል በር ዘጋባት። ሌላ ሴት ብትሆንስ ምን ታደርግ ኖሯል?

እንጨቱን መሬት አኖረ። እንዳፈረም፣ እንደ መዘበተም ሆኖ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ቤቶች! እንደምን አመሻችሁ። የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ። አሳድሩኝ።"

ከውስጥ መወርወሪያው ሲሳብ ሰማ።

"ይግቡ፣ ይግቡ" አለች ዘርፈሽዋል። "ቤት የእግዚአብሔር ነው። በዚህ ብርድ ውጭ ይቆማሉ?"

መደቡን በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ አስቀመጠችው። ውኃ አሙቃ ጎንበስ አለችና እግሩን ታጥበው ጀመር። መልኩን የረሳችው ሴት እጇ የቤቱን ወግ አልረሳም፤ ተረከዙን በመዳፏ ደግፋ፣ በጣቶቹ መካከል እያሸች፣ እናቷ እንዳስተማረቻት አጠበችው።

"ከየት ነው የሚመጡት?"

"ከአምቢኮ፣ ከፓርኩ ማዶ።"

"ከዱር? ታዲያ ባሌን አላገኙትም? ቻላቸው የሚሉት ስካውት። ረጅም ነው።"

ቻላቸው ረጅም ሆኖ አያውቅም። "ሳላየው አልቀርም" አለ።

"ክፉ ሰው አይደለም። ቤት አያውቅም እንጂ። ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሄዳል። ከእርስዎ አይለይም፤ እንግዳ ነው።" እግሩን በጨርቅ አደረቀችለት። "ይህን ለሰው ነግሬ አላውቅም። መንገደኛ ስለሆኑ ነው።"

በትዳራቸው ዘመን ይህን አንድ ቀን አልነገረችውም። ወይም ነግራው እሱ ጫማውን እያሰረ ነበር።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ዱላ የለም፤ ጩኸትም የለም። ይሁን እንጂ ቻላቸው አመሻሹን ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ማየት ቀረበት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጋቢውን ደርቦ ይወጣል። የአጥሩን በር ከውጭ ይቆልፋል፤ እሷ እንዳትወጣ እዚያው ሥር ይቆማል። ጉንፋን ቢይዘው፣ ጉልበቱን ቢቆረጥመው፣ ውርጩ ጆሮውን ቢልጠው ይቆማል። የሚያልፍ የሚያገድመው "ጋሼ፣ ሰው ይጠብቃሉ?" ይለዋል። ጉሙ ሲደፍን ከፍቶ ይገባል፤ ከውስጥ መልሶ ይቆልፍና "ቤቶች" ይላል። የእንግዳ ራቱን ይበላል፤ የእንግዳ ምርቃቱን ይመርቃል፤ ከበሩ አጠገብ ባለው መደብ ላይ ይተኛል። አልጋው ከዚያው ከፊቱ ነው። በገዛ እጁ ጠርቦ የሠራው አልጋ ነው። ወደዚያ እንዳያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

አለምነህ በጥምቀት ሰሞን መጣ። የእናቱን ልብስ የሚከትበት ትልቅ ሻንጣ ይዞ ነው የመጣው። ቻላቸው ሻንጣውን አየ። "አመሻሽ ላይ አንተ ከውስጥ ተቀመጥ። የምታየውን ዝም ብለህ እይ" ብሎት ወጣ።

ጉሙ ሲደፍን "ቤቶች" አለ። ዘርፈሽዋል ከፈተችለት። ፊቷ በርቷል።

"እንኳን መጡ። ዛሬማ ባሌ ገብቷል" አለችው። እጇን ወደ አለምነህ ዘረጋች። "ቻላቸው ይኸው። ከዱር ገና መምጣቱ ነው።"

አለምነህ ረጅም ነው። ከመደቡ ብድግ ብሎ አባቱን አየው። ቻላቸው ደፉ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

"እንደምን አመሹ ጌታዬ" አለው ልጁን። "የመሸብኝ ነኝ።"

ልጁ ከአባቱ ወደ እናቱ ዞረ።

"ይግቡ በላቸው እንጂ" አለችው እናቱ። "ዱር ውለህ ዱር ሆነሃል? ና፣ ሳፋውን ያዝልኝ።"

"ይግቡ" አለ አለምነህ። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ተንበርክኮ ሳፋውን ያዘላት። እናቱ የአባቱን እግር ስታጥብ፣ የተሰነጣጠቀውን ተረከዝ፣ ከውርጩ የጠቆሩትን ጣቶች አየ። ቀና አላለም።

ራት ላይ ዘርፈሽዋል ከልጇ ጎን ተጠግታ ተቀመጠች። "እንግዲህ ተመልሰህ አትሄድም፣ አይደል?" አለችው።

አለምነህ በእሷ ትከሻ ላይ አሻግሮ አባቱን አየ። ቻላቸው እንጀራውን እየቆረሰ ነው።

"አልሄድም" አለ።

ጠዋት ቆርቆሮው በር ዘንድ አባትና ልጅ ብቻቸውን ቆሙ። ሻንጣው ባዶውን ነው።

"አልወስዳትም አባባ። ከዚህ ባወጣት በማን ደጅ እንግዳ ትቀበላለች?" ካለ በኋላ ወዲያ ዞሮ "ግን ይኼ ለአንተ ኑሮ ነው?" አለው።

"እሷ ካላስገባችኝ ውጭ ነኝ። እኔ ካልከፈትሁላት ውስጥ ናት። ኑሮ ካልሆነ ምን እንበለው?"

"ማታ አልሄድም ማለቴ ከፋኝ። ምን ልበላት?"

"እኔም ከዱር በመጣሁ ቁጥር ያንኑ ነበር የምላት" አለ ቻላቸው። ቁልፉን ከአንገቱ ሳያወልቅ አጎንብሶ ከፈተለት።

በዚያው ቀን ምሽት፣ ቻላቸው "ቤ..." ብሎ ሳይጨርስ በሩ ተከፈተ። ዘርፈሽዋል ጠጉሯን አበጥራለች፤ የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች። ከትከሻው በላይ አሻግራ ጉሙን አየች።

"እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ። የመሸብኝ።"

"እኔስ ባሌ መስሎኝ ነበር።" ፊቷ ወደቀ። ቢሆንም ገለል ብላ አሳለፈችው፤ እንግዳ ደጅ አይቆምም። "በመንገድ አላገኙትም?"

"አግኝቼዋለሁ።"

"ምን አለ?"

"ይመጣል።"

"ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚለው" አለች።

እግሩን አጠበችው። ራቱን ሰጠችው። ተነሥቶ መወርወሪያውን ሊጥል ሲል እጁን ያዘችው፤ ያው በዘነዘናው የመታችውን እጅ፣ ቀስ ብላ።

"አይቀርቅሩት። ቢመጣ ይግባ።"

በሩ ገርበብ እንዳለ ቀረ። ብርዱ በስንጥቁ ገባ። ቻላቸው ጋቢውን ተከናንቦ ከበሩ ወደ ጎን፣ በእሷና በመውጫው መካከል ሳይገባ ተቀመጠ። ዘርፈሽዋል ከአልጋው ጫፍ ሆና በእሱ ጎን አሻግራ ደጁን ታያለች። አንገቱ ላይ ያለው የአጥሩ ቁልፍ ከብርዱ የተነሣ ደረቱን ሲያቃጥለው ተሰማው። አላወጣውም።