የተደፈነው በር

አጎትየው የቀለም ቀቢዋን እናት ከጓሮው ክፍል ሊያስወጣ ተነሥቷል። ክፍሉን መጋዘን ሊያደርገው ነው። ለምን ሲባል አፉን ሞልቶ፣ «ያ ክፍል ድሮም የተከራይ ነው፤ እሷም የተከራይ ልጅ እንጂ የአባቴ ልጅ አይደለችም» ይላል። ቀለም ቀቢዋ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። አያቷ፣ የእናቷ እናት፣ እስክትሞት ድረስ «ይህ ቤት የኛ ነው» እንዳለች ነው። እናቷ ግን ነገሩ በተነሣ ቁጥር «ተይው ልጄ» ከማለት በቀር ትንፍሽ አትልም። የቤቱ ታሪክ ከሰው አፍ ካልተገኘ ታዲያ ከየት ይገኛል?

«ማስረጃ አለሽ?» አላት አጎቷ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጥርሱን እየጎረጎረ።

«እርስዎስ አለዎት?»

«እናትሽ አባቴን ምን ብላ ነበር የምትጠራው? ጋሼ! አንድ ቀን አባዬ ስትለው አልሰማሁም። ተከራዩ ሁሉ ጋሼ ነበር የሚለው።»

እልህ ይዟት ቀለምና ብሩሽ ተሸክማ ወደ እናቷ ክፍል ገባች። የሚወጣ ሰው ቤት አይቀባም፤ ይህንን አይቶ ይረር!

ቀቢ ሥራውን የሚጀምረው ግን በመቀባት ሳይሆን በመፋቅ ነው። የላላው ልስን ካልተነሣ አዲሱ ቀለም አይዝም። ስትፍቅ ከአልጋው ራስጌ አጠገብ አንድ ስንጥቅ አገኘች። ግሩም የሆነው ነገር እዚህ ላይ ነው። ግድግዳ በእርጅና ሲሰነጠቅ ወዲያና ወዲህ ይጠማዘዛል እንጂ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ቀጥ ያለ ስንጥቅ የሚወጣው አዲስ ግንብ ከአሮጌ ጋር በተጋጠመበት ነው፤ ሁለቱ እኩል ስለማይሰክኑ ልስኑ መጋጠሚያው ላይ ይለያያል። ይህኛው ከወለሉ ቀጥ ብሎ ወጥቶ፣ ከሰው ቁመት በላይ ታጥፎ፣ እንደገና ቀጥ ብሎ ወረደ። በር! ጠጋ ብላ ስትፍቀውማ የእንጨት መቃኑ ሳይነቀል እዚያው አለ፤ ማጠፊያው የተመታባቸው ቀዳዳዎች እንኳ አልጠፉም። ከግድግዳው ማዶ ያለው ደግሞ አጎቷ ከአባቱ የወረሰው መኝታ ቤት ነው። ወደ አከራዩ መኝታ ቤት የሚያስገባ በር ያለው ተከራይ በየት አገር ታየ?

እናቷ ከገበያ ስትመለስ ፌስታሏን እንዳንጠለጠለች ግድግዳውን አይታ ቀጥ አለች።

«ታውቂ ነበር?» አለቻት ልጅቷ።

«እዚሁ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ እያየሁ ነው የተደፈነው። እናቴ የጋሼ ሚስት ነበረች። ሌላ ሚስት ሊያመጣ ሲል ከማዶ ቆሞ ጡብ በጡብ ላይ እየደረደረ ዘጋብን። ፊቱን ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ስትቀር ጠራኝና ‹ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ በይኝ› አለኝ።»

«አንቺም አልሽው!»

«አባቴ አይደል? ያዘዘኝን አደረግሁ።»

«እስከ ዛሬስ? ተከራይ ስትባዪ እየሰማሽ!»

«ምላሴ አልመለስ አለኝ። ቀብሩም ላይ ጋሼ እያልኩ ነው ያለቀስኩት።»

ቀቢዋን እናቷን ማነቅ አማራት፤ ማቀፍም አማራት። ሁለቱንም ትታ መሮና መዶሻ አነሣች።

አሁን ጡቡን ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ እያወጣች ነው። ከሥር ቢጀመር ሁሉም እግር ላይ ይናዳል። አጎቷ ከማዶ ግድግዳውን በቡጢ ይነርታል።

«አብደሻል? ቤቴን ልታፈርሺ ነው? ፖሊስ እጠራለሁ!»

«ይጥሩ! በዚያው ዘመድ አዝማዱንም ይጥሩልኝ፤ ተከራይዋ በየት በኩል ትገባ እንደነበር መጥተው ይዩ!»

እናቷ ሳትጠየቅ አልጋውን ብቻዋን እየገፋች ከበሩ ፊት አነሣችው። ከማዶ ከባድ ነገር ወለሉን እየፋቀ ሲጎተት ተሰማ።

«ቁም ሣጥን እያስጠጋ ነው» አለች እናቷ፣ ጆሮዋን ደግና።

«ያስጠጋ!» አለች ቀቢዋ፤ መሮዋንም ቀጣዩ ጡብ ሥር ሰካች።