ማናለብሽ በድምፅ ብልጫ የተሸነፈችበት ቅዳሜ

ማናለብሽ የአውሮፓን መሪዎች በቴሌቪዥን ባየቻቸው ቁጥር ትሰድባቸዋለች። ስኪዳም ከተማ ያሉት ሆላንዳውያን ጎረቤቶቿ ድምፅዋ ግድግዳውን አልፎ ሲመጣባቸው ኳስ ጨዋታ ያለ ይመስላቸዋል።

«ሃያ ሰባት ሆናችሁ አንድ አገር ያስፈራራችኋል? አንዱ ወይን ጠጄን ይላል፣ አንዱ መኪናዬን ይላል። እኛ የሚል ጠፋ?»

ውሸት የለባትም። አሜሪካ ከአውሮፓ በሚሄድ ዕቃ ላይ ቀረጥ ስትከምር፣ ይህ አገር ብቻዬን ልታረቅ፣ ያኛው እኔ ልቅደም ሲል ሰምታለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም፤ የጠፋው ድሩን ቁጭ ብሎ የሚያደራው ነው።

ቀረጡ የእሷንም በር አንኳኳ። ማናለብሽ በሳምንት ሦስት ቀን ከቤት ቤት እየዞረች አቅመ ደካሞችን ታጥባለች፣ ታለብሳለች። ድሮ አምስት ቀን ነበር። ወገቧ አልታዘዝ ሲላት ሁለቱን ቀን በዳቦ ቆሎ ተካቻቸው። ቆሎው በካርቶን ታሽጎ ቨርጂኒያ ድረስ ይሄዳል፤ እዚያ ኤልናታን የሚባል አከፋፋይ ተቀብሎ ለሐበሻ ሱቆች ያዳርሳል። ይህ ገበያ ቀረ ማለት ያ ወገብ ወደ አምስት ቀን ሸክሙ ተመለሰ ማለት ነው።

ኤልናታን በጥር ወር ደወለ። ሲፈልግ አንቱታው ማር ነው።

«እትዬ ማናለብሽ፣ ቀረጡን እርስዎ ካልቻሉት እኔ መግዛት ላቆም ነው። ሐምራዊትና ሊድያ እኮ እሺ ብለዋል።»

ሐምራዊት ዴን ሃግ ከተማ፣ ላክ ሰፈር የምትኖር፣ እዚሁ ያደገች የቢሮ ሠራተኛ ናት። ሊድያ አምስተርዳም ሆቴል ውስጥ የምትሠራ ጴንጤ ናት። ሁለቱም ዳቦ ቆሎ የሚልኩት ለዚሁ ለኤልናታን ነው። ሦስቱ በየሠርጉ ሲገናኙ ተሳስመው አይጠግቡም፤ ዘወር ሲሉ ግን ይተማማሉ።

ማናለብሽ ቁጭ እንኳ ሳትል ሐምራዊት ጋ ደወለች።

«አንቺ ከሃዲ! በእኔ ጉሮሮ ላይ ቆመሽ ልትነግጂ ነው?»

«እኔ? እሺ ያልሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ! እንደዚያ ብሎኝ ትናንት ስረግምሽ ነው የዋልኩት።»

«ማንን ነው አንቺ የምትዪው? በእናትሽ ዕድሜ ነኝ!»

«ዱ ኖርማል!» አለች ሐምራዊት በሆላንድኛ። «ተረጋጊ፣ ማናለብሽ! አልገባሽም? ለሁላችንም ዋሽቶናል።»

ማናለብሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንቺ ያለቻት እውነቱን ነገረቻት፣ አንቱ ያላት ዋሻት። እንዲህ ነው ዘመኑ!

ቅዳሜ ሐምራዊት ቤት ተሰበሰቡ። ሊድያ ከአምስተርዳም በባቡር መጥታ፣ ከሆላንድስ ስፖር ጣቢያ በዝናብ በእግሯ ደረሰች። ገና ጃኬቷን ሳታወልቅ፣ ሦስታችንም ያልተስማማንበት ነገር አይደረግ የሚል ሐሳብ አመጣች። ማናለብሽ ብድግ አለች።

«ኧረ በሕግ አምላክ! አንዷ ባኮረፈች ቁጥር ሁሉም ሊቆም? ብራስልስን የያዛት በሽታ እኮ ይኸው ነው። ሁለት ካለ አንድ ይሸነፋል፤ አለቀ። እኔ በሚካኤል ምያለሁ።»

ሐምራዊትም ማለች።

«እኔ አልምልም፤ አዎ ካልኩ አዎ ነው» አለች ሊድያ።

«የጴንጤ አዎ ይበቃኛል፤ ግትርነታችሁን አውቀዋለሁ።»

ቀረጡን ኤልናታን ራሱ እንዲችል ሊጠይቁት፣ አንዷን ከሌላዋ መምረጥም እንዳይችል አንድ ካርቶን፣ አንድ ስም፣ አንድ ዓይነት ቆሎ እንዲሆን ተስማሙ። ግን የማን ዓይነት? የማናለብሽ ቆሎ በንጥር ቅቤና በኮረሪማ የሚታሽ፣ ቨርጂኒያ ድረስ የተመሰከረለት ነው። ሌላ ይመረጣል ብላ በሕልሟም አላሰበችም።

«በዘይት ይሁን» አለች ሐምራዊት። «ዐቢይ ጾም ደርሷል። ባለቅቤውን ማን ይበላል?»

ሊድያ እጇን አወጣች። «እኔም በዘይት።»

«አንቺ ደግሞ!» አለች ማናለብሽ። «በስቅለት ዶሮ የምትበዪ ሴትዮ፣ ጾሙ ምንሽ ነው?»

«እኔማ ምንም፣ እትዬ። የሚጾሙት ገዢዎቹ ናቸው። እርስዎ ሲጾሙ በቅቤ የታሸ ቆሎ ይበላሉ?»

ማናለብሽ ኮቷን አንሥታ እስከ በሩ ሄደች። እጀታውን ጨበጠች። ሕጉን ያወጣችው እሷ፣ ሚካኤልን የጠራችውም እሷ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ስታብጠለጥለው በዋለች! ተመለሰችና ኮቷን ወንበሩ ላይ ወረወረችው።

«በዘይት! ሚካኤል ይይላችሁ!»

ሁለቱ በሳቅ ፈረሱ። እሷም ትንሽ ቆይታ ሳታስበው ሳቀች።

ኤልናታን ማበራቸውን ሲሰማ ጊዜ አላጠፋም። ማናለብሽ ሮተርዳም ውስጥ ትራም ላይ ሳለች ደወለ።

«እትዬ፣ በእውነት የእርስዎ ባለቅቤ የሚያህል የለም። ለፋሲካ በድሮው ዋጋ ልውሰድ፤ ቀረጡን እኔው እችላለሁ፤ ስምዎም ካርቶኑ ላይ በትልቁ ይጻፋል። ለሁለቱ ብቻ እንዳይነግሩ።»

የምትፈልገውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ዘረዘረላት። ማናለብሽ መስኮቱን አየች። ያን ዕለት የምታነሣቸው ሴትዮ ከባድ ናቸው፤ ወገቧ ገና ከአሁኑ ያውቀዋል። ቅቤው፣ ስሟ፣ የዕረፍት ቀኗ፣ ሁሉም በአንዲት እሺ። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«ስማ አንተ ልጅ! እያንዳንዳችንን ጓዳ ለጓዳ እየጠራህ ልትገዛን ነው?»

ትራሙ ሁሉ ዞሮ አያት።

«እርስዎ ራስዎ ቅቤውን ይወዱት የለም እንዴ?»

«እወደዋለሁ! ግን በድምፅ ተሸነፍኩ። መግዛት ከፈለግህ ሦስታችንንም በአንድ ላይ ደውልልን!»

ዘጋችው። አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ ቋንቋው ባይገባቸውም አውራ ጣታቸውን አነሡላት።

ኤልናታን ሁለት ቀን ሳይደውል ቆየ። በሦስተኛው ሦስቱንም በአንድ ስልክ አገናኝቶ ደወለ። ሐምራዊትን ሞከራት፤ ሳቀችበት። ሊድያን ሞከራት፤ «ተናግረናል» አለችው። ጾሙ በር ላይ ነው፣ መደርደሪያው ባዶ ነው፣ ቨርጂኒያ ደግሞ እንደ እነሱ ያለ ዳቦ ቆሎ ከየት ይመጣል? ቀረጡን እሱ ሊችል ተስማማ።

ማናለብሽ ሦስት የሥራ ቀኗን እንደያዘች ቀረች። የመጀመሪያውን ጭነት ሦስቱ ስኪዳም በእሷ ኩሽና ውስጥ አብረው ጠበሱ፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ዘይት ሆነ። ሐምራዊት አንድ ፍሬ አቀመሰቻት።

«እንዴት ነው?»

ማናለብሽ ቀስ ብላ አኘከች። «ከፋሲካ በኋላ ስለ ቅቤው እንደገና ድምፅ ይሰጥ።»

«መብትሽ ነው።»

ሊድያ ልትወጣ ስትል ማናለብሽ በር ላይ ያዘቻትና በጠርሙስ የሞላ ንጥር ቅቤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችላት።

«እትዬ፣ ይሄ ጉቦ ነው?»

«ምን ጉቦ! የምርጫ ዘመቻ ነው!»