ሁለት ነጥብ አምስት ሚሊ

የእንጆሪ ሽሮፕ ሽታ አፍንጫዬ ስር ባለፈ ቁጥር ዛሬም ሙርዋይክ በሚባል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ የነበረው ወጥ ቤታችንና የትንሹ ወንድሜ የናቲ መድኃኒት ትዝ ይሉኛል።

ናቲ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ እራት ላይ ድንገት ዓይኑ ተገልብጦ ተንዘፈዘፈ፤ ከሆስፒታል አንድ ጠርሙስ ሽሮፕና መርፌ የሌለው ስሪንጅ ይዘን ተመለስን። የታዘዘለት ጠዋትና ማታ ሁለት ነጥብ አምስት ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ በቤታችን የአገሩን ቋንቋ ደችን የምችለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ መለካቱ የእኔ ሥራ ሆነ። ስሪንጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ትንፋሼን ውጬ እቀዳ ነበር።

ብርዱ ሲበረታ በሽታው ናቲን እንደገና ይጥለው ጀመር። አባባ ከፅዳት ሥራው ሲመለስ ካፖርቱን ሳያወልቅ «በደንብ አይተሽ ነው የቀዳሽው?» ይለኝ ነበር፤ እኔም እየማልኩለት በልቤ ግን ዓይኔን እጠረጥር ነበር። ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ሆኜ እንኳ የማስበው ያቺን የስሪንጁን ቀጭን መስመር ነው። ሐኪሟ መጠኑን ወደ ሦስት ከፍ አደረገችው፣ ለውጥ የለም። እንዳልገድለው ፈርቼ ነበር።

ሁዳዴ ገብቶ አንድ ቅዳሜ ወጥ ቤት ስገባ፣ እማዬ እያማተበች ከአገር ቤት የመጣላትን ጸበል መድኃኒቱ ጠርሙስ ውስጥ ስትጨምር አገኘኋት።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እንዲባረክ ነዋ። ጎደል ባለ ቁጥር እሞላበታለሁ። ቄሱስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም እንዳታስታጉዪበት ብለውኝ የለ?»

«አቅጥነሽዋል እኮ። እኔ የምለካው ግማሹ ውሃ ነው።»

ክው አለች። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች፤ ሰፈር ውስጥ «የመንግሥት ሰዎች ልጅ ይወስዳሉ» የሚባለው ወሬ እንቅልፍ ይነሳት ነበርና ያሰበችው ገብቶኛል፣ ብትደብቀውም ማንም አያውቅባትም ነበር። ከዚያ ነጠላዋን አንስታ «ተነሺ፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ንገሪያቸው» አለችኝ።

መድኃኒት ቤት ሄደን ሁሉንም ተረጎምኩ፤ እማዬ እጄን እስኪያመኝ ጨብጣው ነበር። ፋርማሲስቷ ለሐኪሟ ደውላ አዲስ ጠርሙስ አወጣች፣ መጠኑም ወደ ድሮው ተመለሰ፣ «ውሃውን በሌላ ብርጭቆ ይጠጣ» ከማለት በቀር አልተቆጣችም። ሙቀቱ ሲመጣ ናቲ ስኬቨኒንገን ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ሳይወድቅ ይሮጥ ነበር፤ እማዬ ግን እስከ መስከረም ድረስ የበሩ ደወል በጮኸ ቁጥር ትደነግጥ ነበር።

ዛሬ ናቲ በቁመት ይበልጠኛል፣ መድኃኒቱንም ካቆመ ቆይቷል፤ ከዚያ ሁሉ አንዱንም አያስታውስም። እሁድ እማዬ ቤት ምሳ በልቶ ሶፋው ላይ ሲያንቀላፋ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እስካይ ድረስ ከአጠገቡ አልሄድም። አንዳንዴ ይነቃና ደችና አማርኛ እየቀላቀለ «ቫት ኢስ ኤር? ምን ሆነሽ ነው?» ይለኛል። «ምንም፣ ተኛ» እለዋለሁ። ያኔ ቢያንስ የምለካው ነገር ነበረኝ፤ አሁን ቆሜ ማየት ብቻ ነው።