ከሰሌዳው ያለፈው ዓባይ

አሰለፈች ከወሎ በሰፈራ ከመጡ ወላጆች አሶሳ አጠገብ ተወለደች፤ ፊደል የቆጠረችውም ማንጎ ዛፍ ሥር ነው። አድጋ መምህርት ሆነች። ድንበሩ አጠገብ ባለው ሆሞሻ ወረዳ አራተኛ ክፍል ስታስተምር ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሣና ድንበሩ በሰው ተጥለቀለቀ። የስደተኛ ልጅ ከአገሬው ልጅ ጋር በአንድ ክፍል ይማር የሚለው መመሪያ ወደ እነሱም ትምህርት ቤት ደረሰ።

ወላጆች አጉረመረሙ። «ለራሳችን ልጆች መቼ ወንበር በቃ?»

ርዕሰ መምህሩ ጋሽ ዲሳሳ፣ «ሕግ ነው፤ ጠጋ ጠጋ ብለው ይቀመጣሉ» አሉ። አሰለፈች በልቧ ከወላጆቹ ጋር ነበረች።

ከመጡት መካከል ዋፋ የምትባል፣ ወድ መደኒ ከተባለች የሱዳን ከተማ የመጣች ልጅ ነበረች። ከዐረብኛ በቀር ቋንቋ አታውቅም። ከኋላ ተቀምጣ የአስተማሪዋን አፍ አፍ ታያለች።

አንድ ቀን ትምህርቱ ስለ ወንዞች ነበር። አሰለፈች ዓባይን ከጣና አንስታ፣ አዙራ፣ በክልላቸው አሳልፋ ድንበሩ ላይ አደረሰችውና ጠመኔውን አስቀመጠች። የመጽሐፉም ካርታ የሚያበቃው እዚያ ነው።

ዋፋ ሳይጠሯት ተነሣች። ጠመኔውን አንስታ መስመሩን ከቆመበት ቀጠለችው። ሰሌዳው አለቀባት፤ እሷ ግን አላቆመችም። ወደ ጭቃው ግድግዳ ተሻግራ ወንዙን እየጎተተች በዳሩ ያሉትን ከተሞች ስም ትጠራ ጀመር። «ሮሰይሬስ... ሲናር...» አንድ ቦታ ላይ ነጥብ አድርጋ ደረቷን ነካች። «መደኒ።» ካርቱም ስትደርስ ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣ ወንዝ ስላ ሁለቱን አገናኘቻቸው።

ከዚያ የሆሞሻዋ የበርታ ልጅ ኸድራ ዘልላ ተነሣችና በተሰባበረ አማርኛዋ ጮኸች።

«ቲቸር! ሮሰይሬስ እኔ አውቃለሁ! አክስቴ እዚያ ነው ያለው!»

ልጆቹ ግድግዳውን ከበቡት፤ በበርታኛ፣ በዐረብኛ፣ በአማርኛ ይጯጯሃሉ። አሰለፈች እጇን አፏ ላይ ጫነች። ስንት ዓመት ያስተማረችው ወንዝ ለካ ግማሹ ብቻ ኖሯል።

ጋሽ ዲሳሳ ጫጫታውን ሰምተው መጡ። «ግድግዳውን ማን አበላሸው?»

«ጋሼ፣ እባክዎ ዝም ብለው ይዩ» አለቻቸው።

ቆመው አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ «ወይ ጉድ» አሉ ቀስ ብለው።

ዋፋ አሁን ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ከኸድራም አትለይም። አሰለፈች ደግሞ መስከረም በጠባ ቁጥር አዲስ መጪዎቹ የሚገቡበትን ክፍል ለእኔ ስጡኝ ትላለች።

«አይከብድሽም?» ሲሏት፣

«ይከብዳል እንጂ! ግን ማን ምን ይዞ እንደሚገባ በምን ይታወቃል?» ትላለች።