የማክሰኞ የቤት ሥራ

አራባ ኦቺዋ አንድ ቦታ አርፋ ስትቀመጥ ያያት ሰው የለም። ስታስተምር በዴስኮቹ መሀል ትንጎራደዳለች፤ ቃል ጽሕፈት ስትሰጥ አንዱን ቃል በሩ ላይ ጀምራ መስኮቱ ጋ ትጨርሰዋለች፣ ልጆቹም አንገታቸውን እያዟዟሩ ይጽፋሉ። ሞሪ የዓሣ አጥማጅ አገር ነው፣ እሷም የአጥማጅ ልጅ ናት። ስለዚህ ለስድስተኛ ክፍሎቿ የሥነ ጽሑፍ የቤት ሥራና የሳምንቱን ቃላት ዓርብ ትሰጥና ረቡዕ ትሰበስባለች። ለምን ረቡዕ? በአገሩ ልማድ ማክሰኞ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ነዋ! ማክሰኞ ጀልባ አይወጣም፣ ዓሣ የለም፣ ዓሣ የሚደርቅበት ጭስም የለም። ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ እጁን ታጥቦ መጽሐፍ የሚይዘው ያን ቀን ብቻ ነው።

ዘንድሮ ታዲያ ከመሀል አገር አዲስ ዳይሬክተር መጣላቸው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ብቻ ባሕር የሚያውቀው በካላንደር ሥዕል ነው። "የቤት ሥራ ሰኞ ጠዋት ይሰበሰባል። ሦስት ጊዜ ያላስገባ ልጅ ወላጁ ይጠራል" ብሎ አረፈው።

"ጌታዬ፣ ቅዳሜና እሑድ እኮ ልጆቹ ባሕሩ ዳር ሥራ ላይ ናቸው" አለች አራባ።

"የእኔ ልጆች ቁጭ ብለው ይሠሩ የለም እንዴ? ሰነፍ አታባብዪ፣ ማዳም።"

ሦስት ሳምንት አለፈ። ሦስት ጊዜ ካላስገቡት አንዷ ኤኩዋ ታዊያ ነበረች። እናት አባት የላትም፤ የምታሳድጋት ዓሣ በጭስ አድርቃ የምትሸጠው አክስቷ ያባ ናት። በክፍሉ ውስጥ እንደ ኤኩዋ የሚያነብ ቢፈለግ አይገኝም! ደወል ተደውሎ እንኳ ከመጽሐፉ ላይ በልመና ነው የምትነሳው።

ሰኞ ያባ ተጠርታ መጣች፤ ዳይሬክተሩ ፊት ቆማ ሰማች። ስትወጣ አራባ ግቢው መሀል ጠበቀቻት።

"በቃ፣ ሰነፍ ናት ተባልኩ" አለች ያባ። "ድንበር ተሻግሬ አቢጃን ይዣት እሄዳለሁ። እዚያ ዓሣው ብዙ ነው፣ ለእኔም እጅ ያስፈልገኛል።"

"ኧረ እትዬ ያባ፣ ሰነፍ አይደለችም! ስሚኝማ—"

"ልጄን ስትሰድቡ ውላችሁ አሁን ስሚኝ? እንዲያው ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ!" ብላት ሄደች።

አራባ ያን ቀን እህል በአፏ አልዞረም። ግን አንድ ነገር አጽናናት፤ ነገ ማክሰኞ ነው፣ ነገ አንድም ጀልባ ወደ አቢጃን አይነሳም። ደግሞ ማክሰኞ የአጥማጆቹ አለቃ ጥላ ሥር ተቀምጠው ክርክር የሚሰሙበት ቀን ነው። ዳይሬክተሩን እዚያ ታቀርበዋለች፤ ያባም የአለቃውን ቃል አታልፍም።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሰውየውን እያጉረመረመ ወሰደችው። መረብ የሚጠግኑት ወንዶች ሳቁ። "ዛሬ ደግሞ በደረቅ መሬት ትልቅ ዓሣ ተያዘ!"

አለቃው ሁለቱንም ሰሙና ወደ ዳይሬክተሩ ዞሩ። "ልጄ፣ ልጆቹን በሙሉ ልባችን የምንለቅልህ ማክሰኞ ነው። የቤት ሥራውን ረቡዕ ብትቀበል ምን ይጎድልብሃል?"

ዳይሬክተሩ ላቡን ጠረገ። "ይሁን፣ ረቡዕ ይሁን" አለ። ወንዶቹ አጨበጨቡለት፤ ደስ ሳይለውም አልቀረ።

አራባ ግን ዓይኗ ይቅበዘበዛል። "ያባስ? ያባን ያያት አለ?"

"ያባማ ጓዟን ጠቅልላ መናኸሪያ ሄደች" አለ አንዱ ዓይኑን ከመረቡ ሳያነሳ። "ልጅቷንም ይዛለች።"

"በማክሰኞ?"

"የተዘጋው ባሕሩ ነው፣ ማዳም። መንገዱን ማን ዘጋው?"

ወይ አራባ! አቢጃን ሲባል ጀልባ እንጂ መኪና ትዝ ብሏት አያውቅም። አባቷም አያቷም የሄዱት በባሕር ነዋ! ዳይሬክተሩን እዚያው ገትራው ወደ መናኸሪያው በረረች።

የአቢጃኑ ሚኒባስ አንድ ሰው ጎድሎት ቆሟል። ኤኩዋ ከያባ ጎን መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች፤ አስተማሪዋን ስታይ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

"ረቡዕ ሆኗል! ተስማምቷል!" አለች አራባ እያለከለከች። "አውርጃት፣ እትዬ ያባ፣ በናትሽ!"

ያባ አልተቆጣችም፤ ደክሟታል። "ሰኞ ሆነ ረቡዕ እኔ እዚህ የለሁም። ማን ጋ ልተዋት? አንቺ ታሳድጊያታለሽ?"

አራባ አፏን ከፈተች። አንዲት ክፍል ቤቷ፣ አልጋ ላይ የዋለች እናቷ፣ ያልለመደችው የልጅ ነገር፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። ሰው ጥያቄውን ሳይጨርስ የምትመልስ ሴት ዝም አለች። ኤኩዋ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ ታያታለች። ጆንያ የተሸከመ ሰውዬ በጎኗ አልፎ ገባ። ረዳቱ በሩን ጠርቅሞ ጣራውን መታ።

"አዎ!" አለች ያኔ። "አዎ፣ አሳድጋታለሁ!"

መኪናው ተነስቷል። አንድ ጫማዋ ወልቆ እየሮጠች በሩን ደበደበችው። ረዳቱ በመስኮት ብቅ አለ።

"ሞልቷል፣ እናት!" አላት። "የሚቀጥለውን ያዢ!"